ፎርሙን ገና አልፈረምኩትም፦ ለትምህርት አመራር ትምህርት ክፍሎችና ርዕሰ መምህር ለሚመድቡ ቢሮዎች

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የትምህርት አመራር ማስተርስ ለምታስተምሩ የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ርዕሰ መምህር መርጣችሁ ለምትመድቡ የትምህርት ቢሮ ሰዎች፣ እንዲሁም ቀን እያስተማራችሁ ማታ ማታ ለምትማሩ የነገ ርዕሳነ መምህራን ነው። ሦስታችሁንም አንድ ላይ የጠራሁት አውቄ ነው። ለየብቻ ስናወራ አንዱ ጥፋቱን ሌላው ላይ ይለጥፍና ነገሩ ሳይነካ ይቀራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት አብራኝ የምትሠራ አንዲት መምህርት ቢሮዬ ገባች። የማስተርስ ትምህርቷን ልትጨርስ ነው። ጎበዝ ናት፤ እሷ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ተማሪ የለም፤ ሌሎች መምህራን ሲቸግራቸው እኔ ጋ ከመምጣታቸው በፊት እሷን ነው የሚያማክሩት። ሦስት ገጽ ፎርም ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና አንገቷን ደፋች። የተግባር ልምምድ ፎርም ነው። 200 ሰዓት ከርዕሰ መምህር ጎን ሆና በጀት እንዳዘጋጀች፣ ስብሰባ እንደመራች፣ ክፍል እየገባች እንዳየች፣ ከወላጆች ጋር እንደተወያየች ይዘረዝራል። ሰዓቱ በሙሉ ተሞልቷል። የቀረው የኔ ፊርማና ማህተም ብቻ ነው።

«ከዚህ ውስጥ ስንቱን ሠርተሽዋል?» አልኳት።

«እውነቱን ልንገርዎት? አሥር ሰዓት አይሞላም» አለች። ትንሽ ዝም ብላ ደግሞ «ሁሉም እንዲሁ ነው የሚያስፈርሙት» አለችኝ።

ልቆጣ ፈልጌ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። እኔም ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እንዲሁ ነው ያስፈረምኩት። የፈረሙልኝ ርዕሰ መምህር ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም፤ በአንድ እጃቸው ስልክ እያወሩ በሌላው ፈረሙልኝ። እና ይሄ ደብዳቤ ከንጹሕ ሰው የመጣ ክስ አይደለም፤ እኔም አለሁበት።

እኔ ስማር የወሰድኳቸው ኮርሶች እናንተም የምታውቋቸው ናቸው። የአመራር ንድፈ ሐሳብ፣ የትምህርት ዕቅድ፣ የትምህርት ፋይናንስ፣ ፖሊሲ፣ የሰው ኃይል አስተዳደር፣ የምርምር ዘዴ፣ በመጨረሻም የመመረቂያ ጽሑፍ። ምንም አልጠቀመኝም አልልም፤ የፋይናንሱ ኮርስ አንድ ጊዜ ፊርማዬን ማኖር የሌለብኝ ወረቀት ላይ እንዳላኖር አድርጎኛል፤ ለዚህ ብቻ አስተማሪውን እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ ግን «የርዕሳነ መምህራን የአመራር ዘይቤ ከመምህራን የሥራ እርካታ ጋር ያለው ግንኙነት» የሚል ነበር። መጠይቅ በተንኩ፣ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» አምስት ሳጥን፣ ሰበሰብኩ፣ ኮምፒውተር ላይ አስገባሁ፣ ግንኙነት አለ ብዬ ደመደምኩ። ጥሩ ውጤት አገኘሁበት። ከአማካሪዬና ከፈታኞቼ ሌላ ማንም ያነበበው አይመስለኝም። እኔ ራሴ ደግሜ አልገለጥኩትም። በዚያው ዓመት ስንት ሰው ይህንኑ ርዕስ፣ የትምህርት ቤቱን ስም ብቻ ቀይሮ፣ እንደጻፈው እናንተ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ።

(እግረ መንገዴን አንዲት ነገር፦ «ለውጥ አምጪ አመራር» እያልን ሁላችንም የምንጠቅሰውን፣ ተከታዮቹን አነሣሥቶ ስለሚለውጥ መሪ የሚናገረውን ሐሳብ በ1978 ያነሣው ጄምስ ማግሪገር በርንስ የጻፈው ስለ ፖለቲካ መሪዎች ነው። በ1985 በርናርድ ባስ ወደ ድርጅቶች አመጣው፤ ከዚያ ወደ ትምህርት ቤት ገባ። እኔ ይህን ያወቅሁት ከተመረቅሁ ከዓመታት በኋላ ነው። ፈተናው ላይ ግን አራቱን ምሰሶዎች ደርድሬ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ።)

ከዚያ ተሾምኩ። የመጀመሪያው ቀን ገና ደወል ሳይደወል ሁለት መምህራን እንደማይመጡ ተነገረኝ፣ ልጄን መምህሩ ሰደበብኝ የሚሉ አባት በር ላይ ቆመው ነበር፣ አንድ ሪፖርት እስከ እኩለ ቀን ይላክ የሚል ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል፣ የፊዚክስ መምህሩ ደግሞ የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ሁለት ክፍል ውስጥ በአንድ ሰዓት እንዳስገባው ሊነግረኝ መጣ። ይሄ ግን አልከበደኝም። ግርግር ነው፤ ግርግር በሳምንት በሁለት ሳምንት ይለመዳል። እኔን ያሸነፈኝ ሌላ ነገር ነው።

በሁለተኛው ወር አካባቢ አንድ የኬሚስትሪ መምህር ክፍል ገብቼ ተቀመጥኩ። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። አርባ ምናምን መስፈርት ያለበት ቼክሊስት ይዣለሁ፤ ዓላማውን ጽፏል፣ ቼክ፤ ሰሌዳውን በአግባቡ ተጠቅሟል፣ ቼክ። ሲያልቅ አብረን ተቀመጥንና «ጥሩ ነው፤ የተማሪ ተሳትፎ ግን ይጎድላል» አልኩት። መምህሩ በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ረጋ ብሎ «እሺ፣ እንዴት ላሳትፋቸው?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሁለት ዓመት የትምህርት አመራር ተምሬ፣ በዲግሪ ተመርቄ፣ አንድ መምህር ማስተማሩን እንዴት ያሻሽል እንደሆነ ፊት ለፊት ሲጠይቀኝ የምለው አጣሁ። «የተለያዩ ስልቶችን መጠቀም ነው» አልኩና ተነሣሁ። መምህሩ አላፈረብኝም፤ እኔ ግን ወደ ቢሮዬ ስመለስ የሄድኩበትን መንገድ አላየሁትም።

ያንን ንግግር በቅጡ ማድረግ ለመማር ሦስት ዓመት ፈጀብኝ፤ ያስተማሩኝም መምህራኑ ናቸው፣ እየተሳሳትኩባቸው። ቼክሊስቱን ትቼ ሁለት ተማሪዎች ደብተር ላይ ምን እንደጻፉ ማየት ጀመርኩ። ከክፍል ስወጣ አሥር አስተያየት ከማዥጎድጎድ አንድ ነገር ብቻ መምረጥ ተማርኩ። «ይሄን አስተካክል» ከማለት በፊት «ጥያቄውን ስትጠይቅ የኋላው ረድፍ ምን ያደርግ ነበር?» ብሎ መጠየቅና ከዚያ በኋላ ዝም ማለት። ዝም ማለቱ ነው ከሁሉም የሚከብደው፤ አለቃ ሆነው ዝም ሲሉ ምንም የማያውቁ ያስመስላል። ከዚያ ደግሞ በሳምንቱ ተመልሶ መግባት። ካልተመለሱ መጀመሪያ የተባለው ሁሉ ወሬ ሆኖ ይቀራል። የኬሚስትሪውን መምህር ከሁለት ዓመት በኋላ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ሳቀና «እኔ እኮ የምርም መልሱን ፈልጌ ነበር» አለኝ።

ይሄን የራሴን ገጠመኝ አድርጋችሁ ብቻ እንዳታዩት። እናንተው በምታስተምሩበት መስክ የተጻፈውን ላስታውሳችሁ። ቪቪያን ሮቢንሰንና ባልደረቦቿ በ2008 ያወጡት ትንታኔ የርዕሰ መምህርን ሥራ አምስት ቦታ ከፍሎ የትኛው ከተማሪ ውጤት ጋር እንደሚያያዝ አይቷል። ከሁሉም በላይ የወጣው ርዕሰ መምህሩ የመምህራንን መማር መምራቱና ራሱም አብሮ መማሩ ነው፤ የውጤት መጠኑ፣ ማለትም የግንኙነቱን ጥንካሬ የሚያሳየው ቁጥር፣ 0.84 ነው፤ በመስኩ ትልቅ የሚባል። ዓላማ ማስቀመጥና ሀብት መመደብ ከዚህ በብዙ ያነሱ ናቸው። በ2013 ደግሞ ጄሰን ግሪሶም፣ ሱዛና ሎብና ቤንጃሚን ማስተር ርዕሳነ መምህራንን ቀኑን ሙሉ እየተከተሉ ምን እንደሚሠሩ ከመዘገቡ ጥናቶች ተነሥተው ያገኙት ነገር መጀመሪያ ሳነበው ደንግጫለሁ። ርዕሳነ መምህራኑ ለማስተማር ጉዳይ የሚሰጡት ጊዜ ከመቶ 13 እንኳ አይሞላም። ከሱም ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ለአፍታ ክፍል እየገቡ መውጣት ነው፤ መምህርን ቁጭ ብሎ ማሠልጠን ከመቶ አንድ አይደርስም። ውጤቱስ? ማሠልጠኑ ከተማሪዎች መሻሻል ጋር አብሮ ሲሄድ ዝም ብሎ መግባትና መውጣቱ ግን በተቃራኒው ነው የወጣው፣ በተለይ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች። እኔና ቼክሊስቴ ማለት ነው።

እና በየትኛው ኮርስ ነው አንድ ተማሪ ከአንድ መምህር ጋር ቁጭ ብሎ ይህን ንግግር ሲያደርግ የምታዩት? ስለ ግብረ መልስ ስላይድ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ሲያደርግ አይታችሁ «እዚህ ጋ አቋረጥከው፣ ድገመው» ያላችሁት ስንት ጊዜ ነው? ሐኪም በሽተኛ ሳይነካ አይመረቅም። ርዕሰ መምህር ግን አንድም መምህር ሳያማክር፣ አንድም የተቆጣ ወላጅ ሳያነጋግር፣ አንድም የክፍለ ጊዜ ድልድል ሳይሠራ ይመረቃል። እኔ ተመርቄአለሁ።

ነገሩ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። ኬኔት ሊትዉድና ባልደረቦቹ በ2004 በትምህርት ቤት ውስጥ ካሉት ነገሮች ለተማሪ መማር ከክፍል ማስተማር ቀጥሎ ሁለተኛው አመራር ነው ብለው ነበር። በ2021 አሜሪካ ውስጥ የወጣ የሃያ ዓመት ምርምር ክለሳ ደግሞ ነገሩን በወር ቆጠረው፦ ከአማካይ በታች ያለን ርዕሰ መምህር ከአማካይ በላይ በሆነ መተካት ለአንድ ተማሪ በዓመት በሒሳብ የ2.9 ወር፣ በንባብ የ2.7 ወር ትምህርት እንደመጨመር ነው። ጎበዝ መምህር ከዚህ ትንሽ የሚበልጥ ለውጥ ያመጣል፤ መምህሩ ግን የሚለውጠው ክፍሉን ነው፣ ርዕሰ መምህሩ ግቢውን በሙሉ። እነዚህን ቁጥሮች ለፕሮግራማችሁ ማስታወቂያ ስትጠቀሙባቸው አይቻለሁ። ቁጥሮቹ የሚያወሩት ግን ስለ ጎበዝ ርዕሰ መምህር እንጂ ስለ ዲግሪ አይደለም።

ስለ ዲግሪማ የሚያወራም አለ፤ ብዙም አያስደስታችሁም። በኒው ዮርክ ከተማ ትምህርት ቤቶች ላይ ዴመን ክላርክ፣ ፓኮ ማርቶሬልና ጆና ሮኮፍ በ2009 ባወጡት ጥናት የርዕሰ መምህሩ የተማረበት ቦታና ከሹመት በፊት የሠራው ሥራ ከትምህርት ቤቱ ውጤት ጋር እምብዛም ሲያያዝ አላገኙትም። የተያያዘው በሥራው ላይ የቆየበት ጊዜ ነው። ለአዲሶቹ ደግሞ በዚያው ትምህርት ቤት ምክትል ሆኖ መሥራት የሚረዳ ይመስላል። ይሄን ስታነቡ «እንግዲያው ማስተርሱ ይቅር» ማለት ይቀናል። እኔ እንደዚያ አልልም። እኔ የማነብበው ሥራው የሚለመደው እየሠሩት እንደሆነ ነው፤ ሥራው ማስተርሱ ውስጥ ይግባ ነው የምለው።

ይሄ ደግሞ የሚቻል ነው። በ2007 በሊንዳ ዳርሊንግ ሃመንድ የተመራ የስታንፎርድ ጥናት ካያቸው ጥሩ ፕሮግራሞች አንዱ ሚሲሲፒ ግዛት ውስጥ ያለው የዴልታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም ነበር። እዚያ መምህራኑ ግዛቱ ደመወዛቸውን እየከፈለ ከማስተማር ተላቀው ሙሉ ጊዜያቸውን ትምህርት ቤት ውስጥ ከርዕሰ መምህር ጋር ይለማመዱ ነበር። ሲንጋፖር ከ2001 ጀምሮ ለተመረጡ ምክትል ርዕሳነ መምህራንና ለትምህርት ሚኒስቴሩ ባልደረቦች የስድስት ወር የሙሉ ጊዜ ሥልጠና ትሰጣለች፤ ሠልጣኙ የራሱ ባልሆነ ትምህርት ቤት ተመድቦ እውነተኛ ፕሮጀክት ይሠራል። ሁለቱ ቦታ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ምን መሰላችሁ? አንድ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ጊዜ ገዝቶላቸዋል። 200 ሰዓት ብሎ ፎርም ላይ መጻፍ ነጻ ነው። 200 ሰዓት ለአንዲት ሙሉ ቀን ለምታስተምር መምህርት መስጠት ግን ተተኪ መምህር ይፈልጋል።

ስለዚህ ቢሮዎች፣ ይሄኛው የናንተ ነው። መምህርቷ ፎርሙን በሐሰት የሞላችው ሰነፍ ስለሆነች አይደለም፤ በሳምንት ሃያ ምናምን ክፍለ ጊዜ እያስተማረች መቼ ልትለማመድ ነው? በሳምንት አንድ ቀን ልቀቋት። ማስተርስ ያለውን ሁሉ በአንድ ዝርዝር አሰልፋችሁ በነጥብ ከመሾም፣ መምህራኑ ሲቸግራቸው ማን ጋ እንደሚሄዱ ጠይቁ። ይሄን ለማወቅ ግማሽ ቀን አይፈጅም። የሾማችሁትንም በሁለት ዓመቱ አታዛውሩት፤ ሰው ልክ መምህራኑን ሲያውቅ ነው የምታነሡት። ደግሞ «ዲግሪውን ግዴታ እናድርገው» የሚለው መፍትሔ በተነሣ ቁጥር እንግሊዝን አስታውሱ። እዚያ ለርዕሰ መምህርነት የሚሰጠው ብሔራዊ ብቃት ማረጋገጫ በ1997 ተጀመረ፣ በ2009 ለአዲስ ተሿሚዎች ግዴታ ሆነ፣ በ2012 ግዴታነቱ ተነሣ። ለምን እንደተነሣ የራሱ ፖለቲካ አለው። እኔ የማነሣው ግን ግዴታ ማድረግ ወረቀቱን እንጂ ውስጡን እንደማይነካ ነው።

ትምህርት ክፍሎች ደግሞ፣ ከናንተ የምፈልገው ብዙ አይደለም፤ ግን ቀላልም አይደለም። ልምምዱን በሰዓት ሳይሆን በኃላፊነት ለኩት። አንድ የክፍል ደረጃ የክፍለ ጊዜ ድልድል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትሥራ፤ ሦስት መምህራንን ለአንድ ሴሚስተር ትከታተል፤ አንድ የወላጆች ስብሰባ እሷ ትምራ እኔ ከኋላ ልቀመጥ። ከዚያ ከናንተ አንድ ሰው መጥቶ ይይ። ኧረ ቪዲዮም ቢሆን ይታይ! ፈራሚውን ርዕሰ መምህርም አሠልጥኑት፤ እኔን እስከ ዛሬ ማንም «የሚለማመድ ሰው ሲመጣብህ ምን ታደርጋለህ» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም፣ ፎርም ብቻ ነው የሚልኩልኝ። በመመረቂያ ጽሑፍ ፋንታ፣ ወይም ከጎኑ፣ በራሷ ትምህርት ቤት ያለ አንድ ችግር ወስዳ ዓመት ሙሉ ትሥራበት። ንባብ የማይችሉ የሦስተኛ ክፍል ልጆች ይሁኑ፣ ከምሳ በኋላ የሚቀሩ ተማሪዎች ይሁኑ። ባይሳካላት ለምን እንዳልተሳካ ትጻፍ፤ ያንን ጽሑፍ እኔ አነበዋለሁ። ደግሞ ከመካከላችሁ ትምህርት ቤት ከረገጣችሁ ሃያ ዓመት ያለፋችሁ አላችሁ፤ አትቆጡኝ፣ ግን አንድ ሴሚስተር ኑና ከኛ ጋር ዋሉ። በኦንላይን የምታስተምሩም ይሄው ይመለከታችኋል፤ ልምምዱ መቼም በስክሪን አይሆንም።

አርተር ሌቪን ራሱ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ፕሬዝዳንት ሆኖ ሳለ በ2005 የአሜሪካን የትምህርት አመራር ፕሮግራሞች ክፉኛ ሲተች ካነሣቸው ነገሮች አንዱ ብዙ ሰው የሚመዘገበው ለደመወዝ ጭማሪ እንጂ ለመምራት እንዳልሆነ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹም ገቢውን ስለፈለጉ የመጣውን ሁሉ እንደሚቀበሉ ነው። የሰውየውን መፍትሔ ሁሉ አልቀበልም። ይህቺን ግን ሳነብ ክፍላችን ውስጥ ከነበርነው ስንቶቻችን እንደሆንን ቆጥሬ ዝም አልኩ።

እና እናንተ ልትመዘገቡ ያሰባችሁ መምህራን፣ ደመወዝ መፈለግ ነውር አይደለም። ከክፍል ለመሸሽ ከሆነ ግን ተዉት፤ ይሄ ሥራ መልሶ ክፍል ውስጥ ነው የሚከታችሁ፣ ያውም በሠላሳ መምህር ክፍል። ከመክፈላችሁ በፊት የፕሮግራሙን ኃላፊ ጠይቁት። ልምምዱን የት ነው የምሠራው፣ በራሴ ትምህርት ቤት ነው ወይስ በሌላ? ማን ነው መጥቶ የሚያየኝ፣ ስንት ጊዜ? ከሚያስተምሩኝ ውስጥ ርዕሰ መምህር የነበረ አለ? ከመምህር ጋር ስነጋገር አይቶ የሚያርመኝ ሰው አለ? መልሱ «ፎርም አለ» ከሆነ ነገሩ ገብቷችኋል። ሌላ ምርጫ ከሌላችሁና ወረቀቱ የግድ ከሆነ ግን የራሳችሁን ልምምድ ፍጠሩ፤ ርዕሰ መምህራችሁ ጋ ሄዳችሁ «ማንም የማይፈልገውን አንድ ሥራ ስጡኝ» በሉ። የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ይሰጧችኋል። እመኑኝ፣ በደስታ ነው የሚሰጧችሁ።

ወደ ፎርሙ ልመለስ። መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ለመምህርቷ የሞላችውን እንድትሰርዝ ነገርኳትና ከሰኞ ጀምሮ የሰባተኛ ክፍልን የክፍለ ጊዜ ድልድል፣ ሁለት አዳዲስ መምህራንንና ሐሙስ ሐሙስ የኔን ወንበር ሰጠኋት። ሐሙስ ክፍለ ጊዜዎቿን እኔ ይዤላታለሁ፤ ታሪክ ካስተማርኩ ቆይቻለሁ፣ እሷ ደግሞ ሒሳብ ነው የምታስተምረው፣ እንግዲህ ልጆቹ ይታገሡኝ። በዚህ አካሄድ 200 ሰዓቱ የሚሞላው ከዩኒቨርሲቲው የማስረከቢያ ቀን ሁለት ወር ያህል ዘግይቶ ነው። የማስረከቢያውን ቀን እንድታራዝሙላት ለትምህርት ክፍሏ ደብዳቤ ልኬአለሁ፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ በሥራ ላይ ያለ ርዕሰ መምህር